በስልክ የመጣ ግዝት

ጓንጉልን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው ካለ፣ ያ ሰው በዕድሜው ተጣልቶ አያውቅም ማለት ነው። ሁለት ባጃጅ ተነካክተው ሹፌሮቹ ሲተናነቁ መሐል የሚገባው ጓንጉል ነው። ባልና ሚስት ተኳርፈው ነገሩ ጎረቤት ጆሮ ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠራው በሩን የሚያንኳኳው ጓንጉል ነው። ገበያ መሐል ሁለት ሴቶች በአንድ ቁና ጤፍ ሲነታረኩ እንኳ፣ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ስለ ማርያም ተዉ!» ሳይል አያልፍም። ሚስቱ ስርጉት፣ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን የሚዋጉ ኮርማዎች ሊያስታርቅ ገብቶ ነው የሚሞትብኝ» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ምን ያድርግ! ጠብ ሲያይ ሆዱ አይችልም፤ በቃ እንዲያ ሆኖ ተፈጥሯል።

ሥራው ሹፌርነት ነው። በወጣትነቱ ከወረታ ወልዲያ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ ጎማ ሲፈታ፣ ታኮ ሲያስገባ፣ አቧራ ሲበላ ኖሮ በመጨረሻ መሪ ጨበጠ። ኋላ የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀጠረውና ነጩን ፒካፕ አስረከበው። ፒካፑ የብስክሌት ቡድኑ አጃቢ ነው። ጣሪያው ላይ ትርፍ ብስክሌት ይታሰራል። ከኋላ ወንበር ጠጋኙ ነስሩ ከነመፍቻው ይቀመጣል። ጋቢና ደግሞ አሠልጣኙ ሙሉሐብት ግማሽ ገላውን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል። ጓንጉል ከልጆቹ ጀርባ ጀርባ ቀስ እያለ ይነዳል። ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ለጓንጉል ግን አልነበረም፤ ከሚከተላቸው ጀርባዎች አንዱ የምናለ ነበርና።

ምናለ የታላቅ ወንድሙ የዓለምነው ልጅ ነው። ዓለምነው ፎገራ ላይ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ድረስ ያችን ዳርቻ ማንም እንዳያርሳት ቄስ በግዝት ከልክሎ ነበር። ዓለምነው እልኸኛ ነው፤ ግዝቱን አፍርሶ አረሳት። በዚያው ክረምት ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሲሻገር ወሰደው። ወንዝ በየክረምቱ ሰው ይወስዳል፤ የአገሩ ሰው ግን ወንዙን አላማም፤ «ግዝት በላው» አለ። ጓንጉልም እንዲያ አለ። ልጁን ወደ ቤቱ አምጥቶ ሲያሳድግ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር እንዲያድርበት ብሎ ይህንኑ ደጋግሞ ነገረው። ምናለ ዋሽቶ ሲገኝ፣ ከትምህርት ቤት ሲጠፋ፣ «አባትህን ምን እንደበላው ታውቃለህ አይደል?» ይለዋል። ልጁ ያውቃል። ከአጥንቱ ጋር ነው ያደገው።

ያ ልጅ አድጎ ብስክሌተኛ ወጣው። ዳገት ላይ የሚያክለው ጠፋ። ከአለም በር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን ዳገት ሰው በሚኒባስ ሲወጣው እያቃሰተ ነው፤ ምናለ እያፏጨ ይወጣዋል። እንግዲህ የምነግራችሁ ዓመት፣ «የደጋው ዙር» የሚባለው ውድድር በአራት ቀን አራት ጉዞ ሆኖ ተዘጋጀ፤ ከጎንደር ይፋግ፣ ከይፋግ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አንበሳሜ ደርሶ መልስ፣ መጨረሻው ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር። የአራቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ የቀደመው ያሸንፋል። ከአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ መጥቶ፣ ዙሩን ያሸነፈ ወጣት ካለ ይዤ እሄዳለሁ ብሏል። ወጣት የሚባለው ደግሞ በዕድሜ የተቆረጠ ነው፤ የምናለ ዘንድሮ ያልቃል። ዘንድሮ ካመለጠው ያው ባጃጅ መንዳት ነው የሚጠብቀው።

ጓንጉል ይህን ያውቃል። ሌት ተቀን የሚያስበውም ይህንኑ ነበር።

ታዲያ በብስክሌት ቡድን ውስጥ ሁሉም ለራሱ አይነዳም። አንድ መሪ ይመረጣል፤ ሌሎቹ ከፊቱ እየወጡ ንፋስ ይሰብሩለታል፣ ውኃ ያቀብሉታል፣ እሱ ጉልበቱን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ እንዲጨርስላቸው ነው። የዞኑ ቡድን መሪ እሸቴ ነበር። እሸቴ ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ፣ ፀጥ ያለ፣ ብዙ ዓመት ለሌሎች ንፋስ ሲሰብር ኖሮ ዘንድሮ ገና ተራ የደረሰው ሰው ነው። መልማዩ አይወስደውም፤ አልፎበታል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን እናቱ ቆማ እያየች ደብረ ታቦር ላይ ማሸነፍ፣ ከዚያ ብስክሌቱን መስቀል። ይሄስ ይነቀፋል? አይነቀፍም። ችግሩ ምናለ ከእሱ መበርታቱ ነው፤ መበርታቱን ደግሞ ሁለቱም አውቀውታል።

በሦስተኛው ቀን፣ አንበሳሜ ዳገት ላይ፣ ምናለ ሳይታዘዝ ተፈተለከ። ቢጫ ማሊያ የለበሰው የሌላ ቡድን ልጅ፣ ማለት ውድድሩን የሚመራው፣ ተከተለው። እሸቴ ከኋላ ቀረ። ማታ ሰዓቱ ሲደመር ቢጫ ለባሹ አንደኛ፣ እሸቴ በጥቂት ሴኮንድ ሁለተኛ፣ ምናለ ከእሸቴ በጥቂት ሴኮንድ ሦስተኛ ሆኑ። እንግዲህ ጉድ ፈላ! ባሕር ዳር፣ ያረፉበት ሆቴል ግቢ፣ ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ እያዩ እሸቴ የውኃ ኮዳውን ወረወረ።

«መሪህ ማነው? ተናገር! መሪህ ማነው?»

«የሚቀድም ነዋ!» አለ ምናለ። «አንተ ደክመሃል፣ እሸቴ። ደክመህ ሳለ ሁላችንን ይዘህ ልትወድቅ ነው እንዴ?»

ደረት ለደረት ተያያዙ። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች፣ ይሻውና መልካሙ፣ ቢጎትቷቸውም ማላቀቅ አቃታቸው። ጓንጉል መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ጨርቁን ጥሎ ሮጠ። በግድ አላቀቃቸው። ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው፣ አንዱ በአንዱ ጥግ፣ አንዱ በሌላው ጥግ ቆሙ። አሠልጣኙ ሙሉሐብት ዳኞች ጋ ስብሰባ ገብቷል፤ የሚዳኝ የለም። ጓንጉል ሁለቱንም አየ። ነገ እንዲህ ሆነው መንገድ ላይ ቢወጡ ይጠላለፋሉ፤ ይገዳደላሉ ብሎ አሰበ። ምን ይዋጠው? እሱ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ለነፍስ አባቱ ለመምሬ አዳነ ደወለላቸው።

ነስሩ ኋላ ላይ፣ «እኔ እኮ ለስርጉት የምትደውል መስሎኝ ነበር» እያለ አላገጠበት። ነስሩ የገበያው የብስክሌት ጠጋኝ የኑሩ ልጅ ነው፤ ከጓንጉል ጋር አንድ መንገድ ላይ አርጅተዋል። ያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን፣ የተገጣጠሙበት ስለነበር፣ ሁለቱም ኋላና ፊት ተቀምጠው፣ የልጆቹን ሙዝና ቴምር ታቅፈው፣ ምንም ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት።

ጓንጉል ስልኩን ላውድ አደረገና በፒካፑ ኮፈን ላይ አስቀመጠው። እሸቴንና ምናለን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አቆማቸው። ገላቸውን ታጥበው በነጠላ ጫማ ናቸው፤ የመምሬ ድምፅ ሲሰማ ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ይሻውና መልካሙም ተነሥተው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» አሉ መምሬ።

ጓንጉል ነገሩን አስረዳቸው። መምሬ ብስክሌት በሩቁ እንጂ አያውቁም፤ ግን ጉዳዩን በወጉ ለመረዳት ጠየቁ።

«ከሁለቱ መሪ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው? ሁለት አይሆንም?»

«አይሆንም አባቴ፤ ደንቡ እንዲያ ነው።»

«ታላቁ የትኛው ነው?»

«እሸቴ ነው።»

«እንግዲያ ምኑ ያከራክራል?» አሉ መምሬ፤ ሲያስነጥሱም ተሰማ። «ስማኝ ልጄ ምናለ። ከነገ ጧት ጀምሮ ደብረ ታቦር እስክትገቡ ድረስ፣ ጎማህ ከታላቅህ ጎማ ፊት እንዳይወጣ። አንተም እሸቴ፣ ታናሽህን ጥለኸው እንዳትሄድ። አብራችሁ ውጡ፣ አብራችሁ ግቡ። ይህን ያፈረሰ እንዳይባረክ፣ ሥላሴ በሰጡኝ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። እሸቴ ልማድ ሆኖበት መስቀል የሚሳለም መስሎት ጎንበስ ብሎ ስልኩን ሳመው። ይሻው ሳቁን በእጁ አፈነ።

«ነገ እኔ ሰሞነኛ ነኝ፤ የምቀድሰው እኔ ነኝ። በቅዳሴው አስባችኋለሁ» ብለው መምሬ ስልኩን ዘጉ።

ልጆቹ ተቃቅፈው ይቅር ተባባሉ። ምናለ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግን አቀፈው፤ የእውነቱን አቀፈው። የጓንጉል ልብ ቅቤ ጠጣ። ነስሩ ጠጋ ብሎ፣ «በስልክም ይሠራል እንዴ?» አለው።

«በስልክ ይለቀሳል፣ በስልክ ይታጫል፤ ለምን አይሠራም?» አለ ጓንጉል።

ነስሩ ጎማ ስለሚባለው ነገር አንድ ሐሳብ ሽው ብሎበት ነበር። «የናንተ ጉዳይ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ» አለ ኋላ። ሙሉሐብት ከስብሰባ ሲመለስ እሸቴና ምናለ አንድ ገበታ ላይ ሽሮ ሲበሉ አገኛቸው። «እሰይ! እሰይ የኔ አንበሶች!» ብሎ ሊተኛ ሄደ። እንዴት ታረቁ ብሎ አልጠየቀም። ጓንጉልም በዚያ ምሽት እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ። የቀኑ ጀግና እሱ ነበር እኮ!

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከባሕር ዳር ተነሡ። እስከ ሐሙሲት መልካም ነው። ይሻው ሆዱን አሞት ሐሙሲት ላይ ወረደ። መልካሙ እስከ ወረታ ድረስ ከፊት ሆኖ ንፋስ ሰበረ፤ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፉ ግን እግሩ አልታዘዝ አለውና ቀረ። የቢጫ ለባሹ ቡድን ይህን ጠብቆ ኖሮ እዚያው መታጠፊያው ላይ ፈጠነ። መሐላቸው አንድ የሩዝ ማሳ ያህል ተከፈተ። የቀሩት እሸቴና ምናለ ብቻ ናቸው። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ፊት ለፊት ይመታል።

«አሁን!» አለ ሙሉሐብት በመስኮት ወጥቶ። «ምናለ! ፊት ውጣ! ንፋስ ስበርለት!»

ምናለ ራሱን ነቀነቀ። እሸቴ ከፊት ሆኖ ንፋሱን በደረቱ ይገፋል፤ ምናለ ከኋላው ተጠልሎ፣ ትኩስ እንደሆነ፣ ይከተላል።

«ምናለ! አልሰማህም እንዴ? ውጣ እኮ ነው የምልህ!»

«ጎማዬ እንዳይወጣ ተገዝቻለሁ» አለ ምናለ።

ሙሉሐብት ወደ ጓንጉል ዞረ። «ምን ነው የሚለው?»

ያን ጊዜ ነው ጓንጉል የገባው። አቤት! ከፊት ሳይወጡ ንፋስ መስበር እንዴት ተደርጎ ነው? ጎማ ከጎማ ፊት ካልወጣ ምን ረዳትነት አለ? መምሬ ሁለት መንገደኛ አስበው፣ ትንሹ ትልቁን አክብሮ ከኋላ ከኋላ እንዲሄድ ብለው ነው የገዘቱት። እሱ፣ ዕድሜ ልኩን ከነዚህ ጎማዎች ጀርባ የነዳ ሰው፣ ቆሞ አሜን አለ! ነገሩን ለሙሉሐብት ነገረው።

«ግዝት?» አለ ሙሉሐብት። «በስልክ? ጋሽ ጓንጉል፣ ምን አደረጉኝ? ምን አደረጉን?»

«ይደውሉላቸውና ይፍቱት!» ብሎ መልሶ ራሱ ጮኸ።

ጓንጉል ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» አለች ሴትየዋ። እንደገና ደወለ። እንደገና ነገረችው። ከዚያ ትዝ አለው፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። መምሬ ሰሞነኛ ናቸው፤ ስልካቸውን ዘግተው መቅደስ ገብተዋል። ለስርጉት ደወለላት። ስርጉት ውድድሩ የሚያልቅበት አደባባይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ስርጉት፣ ባጃጅ ያዥና ቤተ ክርስቲያን ድረሽ! መምሬን አምጪልኝ!»

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም፤ ሂጂ ብቻ!»

አለም በር ደረሱ። ዳገቱ ጀመረ። ቢጫ ለባሹ ረዳቶቹን ጥሎ ብቻውን ወጣ፤ ቢጫ ማሊያው በየጠመዝማዛው ከላይ ብልጭ ይላል። እሸቴ ጉልበቱን ሜዳው ላይ ጨርሷል። ትከሻው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አፉ ተከፍቷል። ከኋላው ምናለ አለ። ጓንጉል ያየውን ማመን አቃተው፤ ልጁ ፍሬን ይይዛል። ዳገት ላይ፣ ሽቅብ እየወጣ፣ እሸቴን እንዳያልፍ ፍሬን ይይዛል! ነስሩ ከኋላ ወንበር፣ «ያ አላህ!» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጓንጉል መኪናውን ከጎናቸው አስጠጋ።

«ሂድ!» አለ እሸቴ እያለከለከ። «ምናለ፣ ሂድ! ትደርስበታለህ! ፈቅጄልሃለሁ!»

«አንተ አይደለህም የገዘትከኝ።»

«እኔ አሠልጣኙ አዝዤሃለሁ!» አለ ሙሉሐብት።

«ቄስ ነዎት?» አለ ምናለ። አልዘበተም፤ እያለቀሰ ነበር።

እሸቴ ቆመ። ከብስክሌቱ ወርዶ መንገድ ዳር ቆመና፣ «በቃ፣ እኔ አቋርጫለሁ። እለፍ!» አለው። ምናለም ከኋላው ቆመ። ጎማው ከእሸቴ ጎማ አንድ ጋት አልወጣም። «አንተ ከቆምህ እኔም ቆሜያለሁ» አለ። እዚያ ዳገት ላይ ሁለት ብስክሌተኞች ተፋጠው ቆሙ። ከሜዳ የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ክላክሱን ነፍቶ፣ «ምነው፣ ስብሰባ ነው?» ብሎ አለፈ። እሸቴ ምን ያድርግ? ተሳድቦ ተመልሶ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። እሱ ካልነዳ ልጁም አይነዳም።

ስልኩ ጮኸ። ስርጉት ናት።

«ደርሻለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል።»

«ሰው አስገቢና አስጠሪያቸው!»

«ጓንጉል፣ አብደሃል? መቅደስ ውስጥ ናቸው እኮ፤ ቁርባን ፊት ቆመው! ማን ገብቶ ነው የሚጠራቸው?»

«ዲያቆኑን ለምኚው! እግሩ ላይ ውደቂ!»

«ለመንኩት። ‹እትዉ በሰላም› ብለው ሕዝቡን ሳያሰናብቱ አይወጡም አለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምናለ ምን ሆነ? ልጄ ምን ሆነ?»

ጓንጉል ስልኩን ዘጋው። ሰማይ የተደፋበት ያህል ነው። በመኪናው ውስጥ ውኃ አለ፣ ምግብ አለ፣ ትርፍ ጎማ አለ፣ ትርፍ ብስክሌት አለ። ሊፈታው የሚችል አንድም ነገር የለም። ዓይኑ እያየ፣ ያሳደገው ልጅ ዕድል በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይርቃል።

ያን ጊዜ ምናለ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየው። ፊቱ ላብ የለበትም፤ ቢጫ ለባሹ ላይ የሚያደርሰው ጉልበት እግሩ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ?» አለ።

ይህችን ብቻ። ጓንጉል አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ላይ የመጣውን ቃል ያውቀዋል፤ አጭር ነው። ግን ያኔ ጉማራ ታየው። የወንድሙ ሬሳ ከሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃ ለብሶ ሲወጣ ታየው። ይህንንም ልጅ ውኃ ቢወስደው፣ መኪና ቢገጨው፣ ከዚያ ማን ነው ሂድ ያለው? ጓንጉል።

«ትንሽ ቆይ» አለ። «ስርጉት ደጃፉ ላይ ናት። መምሬ ይወጡ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይ፣ ልጄ።»

ምናለ ራሱን ነቅንቆ ወደ እሸቴ ጎማ ተመለሰ።

እንዲያ ሆነው ደብረ ታቦር ገቡ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ የአገሩን ልጆች ሲያይ በእልልታ ቀለጠ። ቢጫ ለባሹ ቀድሞ ከገባ ቆይቷል፤ አበባ አንገቱ ላይ ታስሮለታል። ሌሎችም ቀድመዋቸዋል። እሸቴ መስመሩን ሲያልፍ እናቱ እቅፍ ውስጥ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ልጁን ገደልኩት እማዬ» ይላል፤ እሷ ምን እንደሚል አልገባትም፤ ብቻ ላቡን ትጠርጋለች። ምናለ ከኋላው ገባ፤ ጎማው ከእሸቴ ጎማ ፊት ሳይወጣ።

መልማዩ የቢጫ ለባሹን እጅ ጨብጦ ሲመለስ፣ በፒካፑ አጠገብ አለፈ። «ያ ልጅ፣ ሦስተኛ የነበረው» አለው ለሙሉሐብት፤ «እየው፣ ትንፋሹ እንኳ አልፈጠነም። ጉልበት አለው፤ ወኔ የለውም።» ሙሉሐብት ምን ብሎ ያስረዳዋል? ከየት ይጀምርለታል?

ጥቂት ቆይቶ አንድ ባጃጅ ሰው እየሰነጠቀ መጣ። ስርጉት ወረደች፤ ከኋላዋ መምሬ አዳነ፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ሳያርፉ ነው የመጡት፤ እህል አልቀመሱም። ጓንጉልን ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«እህ? አብረው ገቡ?»

«ገቡ አባቴ» አለ ጓንጉል።

«አልተጣሉም?»

«አልተጣሉም።»

«ተመስገን!» አሉ መምሬ። «በቅዳሴው ስማቸውን ጠርቼ ነበር። ይኸው ሰማኝ።»

ምን ይባላል? ጓንጉል ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ነስሩ ዘወር ብሎ ምንም ያልጎደለውን ካቴና ይነካካ ጀመር። ሙሉሐብት መሬት መሬት ያያል። እኒያ ሽማግሌ ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆዳቸው ደስ ብሏቸው መጥተው ሳለ፣ ማን ነው ደፍሮ የሚነግራቸው? ማንም አልነገራቸውም። እስከ ዛሬም የነገራቸው የለም።

ምናለ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና ተሳለመ። «ይፍቱኝ አባቴ» አለ።

«ከምኑ ነው የምፈታህ ልጄ? ደብረ ታቦር እስክትገቡ ነበር ያልኩት። ገባችሁ። ግዝቱ በራሱ አለቀ።» ጭንቅላቱን በመስቀሉ ደባበሱት። «አንተ ቃል ጠባቂ ልጅ ነህ። አባትህ እንዳንተ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረ።»

ስርጉት መምሬን ወደ ቤት ይዛቸው ሄደች፤ አፋቸውን ይሻሩ ብላ። ሰዉም መበተን ጀመረ። ጓንጉል ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ ምናለ አልሸሸም፣ አልተጠጋም።

«ልጄ፣ እኔ ለሰላም ብዬ ነው» አለ ጓንጉል። «እንዳትገዳደሉብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ቢፈቱህ ብዬ ስንቴ ደወልኩ፤ እሳቸው…»

«እሳቸውን አልነበረም የጠበቅሁ» አለ ምናለ። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ነው የሚናገር። «አንቱ ሂድ ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ለዚያ ነው የጠራሁዎ።»

ጓንጉል የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ሹፌር አፉ አላስታረቀ! ለዚህ የሚሆን አንዲት ቃል አጣ።

ምናለ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። አንድ እግሩ ፔዳል ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ነው። ፊቱን ወደ ጋሳይ በሚወስደው ዳገት፣ ወደ ጉና አዙሯል። ውድድሩ አልቋል፤ ዳኞቹ መስመሩን እየጠቀለሉ ነው።

«አሁን ልሂድ?» አለ።

«ሂድ» አለ ጓንጉል።

ልጁ ከኮርቻው ተነሥቶ ፔዳሉን ረገጠው። መልማዩ ቀና ብሎ አላየውም፤ አበባ የታሰረለትን ልጅ ፎቶ እያነሳ ነበር። ነስሩ የመኪናውን በር ከፍቶ፣ «እንከተለው?» አለ። የጓንጉል ሥራ ልጁን ጀርባ ጀርባ መከተል ነበር፤ ያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ መግባት አቃተው፤ ልጁ ዳገቱን ጨርሶ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ መንገድ ላይ ቆሞ አየው።